ፈርን የዋጣቸው ጎጆዎች፦ ስለ ዳርትሙር ክብ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

በእንግሊዝ ዳርትሙር ደጋ፣ ክብ ቤቶቹ ያሉበትን የጋራ ግጦሽ መሬት ለሚያስተዳድረው የተከበረ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የነሐስ ዘመን ክብ ቤቶችን ከፈርንና ከቁጥቋጦ የማጽዳቱ ሥራ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ባለፈው መኸር ባወጣችሁት ማስታወቂያ በክብ ቤቶቹ ላይ የሚበቅለውን ፈርን (አበባ የሌለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል) እና እሾሃማ ቁጥቋጦ ማጨድ እንደሚቆም፣ ቦታውም ለተፈጥሮ እንደሚተው አሳውቃችሁናል። እኛ ከፕሊመዝ፣ ከኤክሰተርና ከብሪስቶል እየመጣን ማጭድ፣ መንሽና ሜትር ይዘን በዚሁ ቦታ በበጎ ፈቃድ ስንሠራ የቆየን አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስገብተናል። በአማርኛ የምናወጣው በሁለት ምክንያት ነው፦ አብረውን ያጨዱ ሰዎች ሥራው ለምን እንደተቋረጠ ማወቅ ስላለባቸው፣ ከታች ከምንዘረዝረው ጉዳትም አንዱ የራሳችንን ወገን ስለሚመለከት። የሰፈሩን ስም የማንጠቅሰው ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው በሌሊት የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

ክብ ቤት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በቅድሚያ እንግለጽ። በዳርትሙር ወደ 5000 የሚጠጉ የድንጋይ ክብ ቤቶች ፍርስራሽ አለ። አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1700 እስከ 1100 ገደማ ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ለዓይን የሚታየው ከጉልበት በታች የሆነ የግራናይት ቀለበት ብቻ ነው። አሠራሩ ግን ተራ የድንጋይ ክምር አይደለም። ግድግዳው በውስጥና በውጭ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ቆሞ መካከሉ በአፈርና በጠጠር የተሞላ ሲሆን፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነ የላይኛው ወገን ተቆርጦ፣ የታችኛው ወገን ተሞልቶ ወለሉ ተስተካክሏል። በሩ በአብዛኛው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይከፈታል፤ በዚህ ደጋ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነውና። ግራና ቀኝ የቆሙት መቃኖች ከሌላው ድንጋይ ረዘም ይላሉ፤ ደፉም ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ጎጆ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቀሪውን ለመገመት አይቸገርም። ጣሪያው ሾጣጣ ነበር። ልዩነቱ ክብደቱን የሚሸከመው ግድግዳው አለመሆኑ ነው። ከግድግዳው ውስጥ በክብ የተተከሉ ምሰሶዎች አናታቸው ላይ በአግዳሚ እንጨት ተያይዘው፣ ወጋግራው በዚያ ላይ ያርፋል። ክዳኑ ሣር፣ ሸንበቆ ወይም በደጋው የሚበቅለው ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል። የጭስ መውጫ ቀዳዳ አያስፈልገውም። ቀዳዳ ቢኖረው አየሩ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ብልጭታውን ወደ ክዳኑ ይወስደዋል። ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ ይህን የገጠር እናቶቻችን ጎጆ ያስተማረን ነው። ከዚህ ሁሉ እንጨት ዛሬ የቀረው ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱም የሚለየው በአፈሩ ቀለም ነው።

ክርክራችን የሚነሣው ከዚህ ነው። የዳርትሙር አፈር አሲዳማ በመሆኑ አጥንት ይበላል። የሰው፣ የበግ፣ የላም አጥንት በነዚህ ወለሎች ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል። የቀረው ማስረጃ ከሰል፣ የአበባ ብናኝ፣ ጥቂት ገል፣ የባልጩት ስንጥርና የአፈሩ ቀለም ነው። ወለሉም ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ከሣሩ ሥር ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቅርሱ ድንጋዩ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ትልቁን ክፍል ስቷል። ድንጋዩ አጥር ነው፤ ታሪኩ ያለው በአጥሩ ውስጥ ባለው ስስ አፈር ነው።

ከታወቁት ሰፈሮች አንዱን ግሪምስፓውንድን እንይ። ወደ 150 ሜትር ስፋት ባለው ወፍራም የድንጋይ ካብ ውስጥ 24 ቤቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1894 ሳቢን ቤሪንግ-ጉልድና ሮበርት በርናርድ ያሉበት የዳርትሙር አሳሾች ኮሚቴ ብዙዎቹን ቆፈረ። ምድጃ፣ የማብሰያ ጉድጓድ፣ ከፍ ያለ መደብ አገኙ፤ የወደቀውንም ካብ በከፊል መልሰው አቆሙት። ሰዎቹ ለዘመናቸው ትጉ ነበሩ። ነገር ግን ከሰልን በካርቦን መርምሮ ዕድሜውን ማወቅ የተቻለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የወጣው አፈር ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ከ1976 እስከ 1980 በዚሁ ደጋ ባለው ሾው ሙር ላይ በዘመናዊ ዘዴ ሲቆፈር ከቤቶቹ አልፎ በቦይ ጭቃ ውስጥ የከብትና የበግ ኮቴ አሻራ ሳይቀር ተገኝቷል። በ2011 ዋይትሆርስ ሂል ላይ ፒት በሚባለው ጥቁር፣ ከበሰበሰ ተክል በተፈጠረ አፈር ተጠብቆ ከቆየ አንድ የመቃብር ሣጥን የድብ ቆዳ፣ የተጎነጎነ ቅርጫት፣ የአምበርና የቆርቆሮ ዶቃ ወጣ። ይህ ሁሉ የተገኘው ሳይነካ የቆየ አፈር ስለነበረ ነው። በእናንተ መሬት ያሉት ቤቶች ከሞላ ጎደል ያልተቆፈሩ ናቸው። ዋጋቸውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ አቤቱታችን እንግባ።

አንደኛ፣ ፈርኑ። ብራከን የሚባለው ትልቁ ፈርን ቅጠሉ በበጋ ከሰው ወገብ በላይ ይሆናል። ጉዳቱ ግን ከላይ የሚታየው አይደለም። ከመሬት በታች የሚሄደው ወፍራም ግንዱ እንደ ጣት እየወፈረ፣ እየተሻገረ፣ ወለሉን ሰንጥቆ ያልፋል። የላይኛውን ከሰል ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ያደርሳል። ሲበሰብስ የሚተወው ባዶ ቦይ በአዲስ አፈር ይሞላል። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ የተገኘ ከሰል የ3500 ዓመት ይሁን የ200 ዓመት መናገር ይቸግራል። ሣሩንም በጥላው ስለሚገድለው ከሥሩ ያለው አፈር ራቁቱን ቀርቶ በዝናብ ይታጠባል።

ማጨዱ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁ እናስረዳ፤ ማስታወቂያችሁ በዓመት አንድ ቀን ማጨድ ለውጥ እንዳላመጣ ይናገራልና። አንድ ጊዜ ማጨድ ፈርኑን ባለበት ያቆየዋል እንጂ አያዳክመውም፤ በዚህ ትክክል ናችሁ። የመጀመሪያው አጨዳ ቅጠሉ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በጁን መጨረሻ ገደማ መሆን አለበት፤ በዚያ ሰዓት የመሬት ውስጥ ግንዱ ያጠራቀመውን ምግብ ወደ ቅጠሉ አውጥቶ ጨርሷል። ሁለተኛው ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ዳግም ያወጣውን ሳያስመልስ ነው። ይህ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመት ይደገማል። ከመጀመሪያው አጨዳ በፊት መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ጎጆ መኖር አለመኖሩ በእግር ይታያል፤ ካለ ያ ቤት ይቆያል። ፈርኑ በእጅ አይነቀልም፤ ሲነቀል ወለሉን ይዞ ይወጣል። የታጨደው በመንሽ ተሰብስቦ ከቀለበቱ ውጭ ይወሰዳል። እዚያው ከተተወ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሥሩን ከክረምት ውርጭ ይከልለዋል። ትራክተር ቀለበቱ ውስጥ አይገባም፤ ምላጩ በሣር የተሸፈነ ድንጋይ መትቶ ያቆስላል፣ ጎማውም የለሰለሰውን ወለል ይጨፈልቃል። ሠራተኛው ረጅም ሱሪ ይለብሳል፣ ሲጨርስም ሰውነቱን ይፈትሻል፤ ቦታው መዥገር አለው።

በሁለት ዓመት በተከታታይ በዓመት ሁለቴ የታጨዱት ቤቶች ላይ ሣር መመለስ ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ሊጀመር ሲል ነው ያቆማችሁት። አሁን ቢተው ፈርኑ በጥቂት ዓመት ወደነበረበት ይመለሳል፤ የሁለቱ ዓመት ድካምም ከንቱ ይቀራል። በዚህ ማዘናችንን አንደብቅም።

ፈርኑ ለቢራቢሮና ለወፍ መጠለያ መሆኑን እናውቃለን። ዳርትሙር ውስጥ ብርቅ የሆነ ቡናማ ቢራቢሮ ዘሩን የሚተካው ፈርን ባለበት ተዳፋት ነው። ኮረብታው በሙሉ ይታጨድ አላልንም። የውጭ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያውን 2 ሜትር ጨምረን ብንይዝ 113 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሃያ ቤት ቢታጨድ ከሩብ ሄክታር ያነሰ ነው። አራት ሰው በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ቤት ያጸዳል። ተፈጥሮን ከቅርስ ጋር የሚያጣላ ስፋት አይደለም።

ሁለተኛ፣ እንጨቱና እሾሁ። በቁጥር 3 እና በቁጥር 11 ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የዛፍ ቡቃያ ቆሟል። ዛሬ በእጅ መቁረጫ የሚወድቅ ነው። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ማዕበል ሲጥለው ሥሩ ግድግዳውንና ወለሉን አንድ ላይ ገልብጦ ያነሣል። ቡቃያ ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ይቆረጣል፣ አይነቀልም። ጎርስ የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው እሾህም እንዲሁ። እሱ ዘይት ስላለው እሳት ከያዘው እጅግ ስለሚግል ግራናይቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ቀለበት ውስጥ ተከምሮ መቃጠል የለበትም። ጥንቸል የቆፈረበትም አንድ ቤት አለ፤ ሪፖርቱ እጃችሁ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ የከብት መመገቢያው። በዚህ ነጥብ እንዳንሳሳት እንፈልጋለን፤ ከብት ለነዚህ ቤቶች ጠላት አይደለም። ከሾው ሙሩ ኮቴ እንደምናየው ያኔም ከብት እዚሁ ነበር። ዛሬም ቀለበቶቹ የሚታዩት ላም፣ በግና የዳርትሙር ፈረስ ሣሩን ስለሚያሳጥሩት ነው። ግጦሹ ሲቀንስ ረጃጅሙ ሣርና እሾሁ ይገባል። አርቢዎቹ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ በነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን የክረምት ድርቆሽ መመገቢያውና የሚላሰው ጨው የት እንደሚቀመጥ በሚወስነው ላይ ነው። ባለፈው ክረምት መመገቢያው የተቀመጠው ከቁጥር 7 ቤት በር ፊት ለፊት፣ ደረቅና ለመኪና የሚመች ስለሆነ ነው። ደረቅ የሆነውም የጥንቱ ሰው ስላስተካከለው ነው። ከብቱ በአንድ ቦታ ተጨናንቆ በርጥብ አፈር ሲረግጥ ደፉ ዙሪያ ተቦርቡሮ፣ የግራው መቃን ሥሩ ተጋልጦ አዘንብሏል። ከብት ደግሞ ቀጥ ያለ ድንጋይ ሲያገኝ ይታከክበታል፤ በታከከ ቁጥር አፈሩ ይለቃል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ድንጋዩ ይወድቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ መመገቢያውንና ጨውን ከማንኛውም ቀለበት ቢያንስ 50 ሜትር ማራቅ፣ በየጥቂት ሳምንቱም ቦታ መቀያየር። የተቦረቦረውን መሙላት ግን ለማንም የሚተው አይደለም። ቦታው በሕግ የተመዘገበ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ወደፊት የሚቆፍር ባለሙያ አሮጌው የት እንዳበቃ አዲሱ የት እንደጀመረ እንዲለይ። ከዚያ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈርና ጠጠር ተጠቅጥቆ ሣር ያለበት አፈር ይለበስበታል። ከአጠገቡ ቆፍሮ መሙላት ሁለት ጉዳት ነው።

አራተኛ፣ መንገዱና በሩ። ከቤቶቹ ሰሜን በኩል የሚያልፈው ረጅምና ዝቅተኛ ካብ ተራ አጥር አይደለም። ሪቭ ይባላል፤ ቤቶቹ በቆሙበት ዘመን መሬት የተከፋፈለበት ወሰን ነው። ሪቮች ደጋውን በትይዩ መስመር ለኪሎ ሜትሮች ያቋርጣሉ። ባለአራት ጎማ ሞተር እንዲያልፍ ተብሎ በአንድ ቦታ ተቆርጧል፣ ከካቡ የተነሣውም ድንጋይ ጭቃውን ለመሙላት ውሏል። ከሃምሳ እርምጃ በታች አስቀድሞ የተከፈተ መተላለፊያ ነበር። ካርታ የሚያነብ አንድ ሰው ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

አምስተኛ፣ ጎብኚውና እሳቱ። ይህ ነጥብ እኛንም ይመለከታል። የቀለበቱ ግድግዳ ከነፋስ ስለሚከልል ሰዎች ውስጡ ድንኳን ይተክላሉ፣ ትንንሾቹን ድንጋዮች ሰብስበው የእሳት ዙሪያ ይሠራሉ፣ ልጆች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይቆልላሉ። ከአማርኛ ተናጋሪዎች የቡድን ጉዞም የቡና ከሰል ምድጃ በደፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሰሉ እዚያው ተደፍቷል። ክፋት የለውም፤ ደፍ መሆኑ አልታወቀም። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ግራናይት ባንድ ወገን በፍጥነት ሲግል ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ዛሬ የተደፋ ከሰል በዝናብና በትል ወደ ወለሉ ወርዶ ከጥንቱ ጋር ሲቀላቀል የዘመን ምርመራውን ያበላሻል። የተነሣች ጭብጥ የምታህል ድንጋይም የግድግዳው ሙሌት ነበረች፤ ስትነሣ ጎረቤቷ ትላላለች። ዳርትሙር ላይ መሬት ላይ እሳት ማንደድ በደንቡ ክልክል መሆኑን ለጉዞ አስተባባሪዎቻችን በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን። ቡናው ከመኪና ማቆሚያው ሳይርቅ፣ በፔርሙዝ ይሁን።

ከናንተ በኩል የጎደለው ግን ይህን የሚናገር አንድም ምልክት አለመኖሩ ነው። ቀድሞ የነበረው ሰሌዳ ሲወድቅ አልተተካም። በቀለበቶቹ መካከል ብረት ይተከል አንልም፤ መሠረቱ ራሱ ቁፋሮ ነውና። መግቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ሪፖርቶቻችን መልስ አላገኙም። በየክረምቱ ፈርኑ ሞቶ ፀሐይ ዝቅ ሲል እያንዳንዱን ቤት እንለካለን። መሐሉ ላይ ችካል አንቸክልም፤ የአሸዋ ከረጢት አስቀምጠን ከዚያ በሜትርና በኮምፓስ በ12 አቅጣጫ ወደ ውስጠኛውና ወደ ውጨኛው ድንጋይ እንለካለን፣ የእያንዳንዱን ቁመት ከሣሩ በላይ እንመዘግባለን፣ የ1 ሜትር ዘንግ አቁመን ከአራት ቋሚ ቦታ ፎቶ እናነሣለን። የቁጥር 7 መቃን ማዘንበል የታወቀው በዓይን ግምት ሳይሆን የሁለት ክረምት ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ይህ ሁሉ ተልኮላችኋል።

ማስታወቂያችሁ ቤቶቹ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ሥጋት እንደሌለባቸው ይጠቅሳል። የ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የተመዘገበን ቅርስ ያለፈቃድ ማፍረስን፣ መለወጥን፣ በውስጡም ያለፈቃድ በብረት መፈለጊያ መፈተሽን ወንጀል ያደርጋል። ባለይዞታው እንዲንከባከበው ግን አያስገድድም። አካፋ ይዞ የመጣ ሰው ይከሰሳል፤ ወለሉን ዓመት ከዓመት የሚሰነጥቀውን ሥር ዝም ብሎ ያየ አይጠየቅም። ከቤቶቹ ገሚሱ ደግሞ ጭራሽ አልተመዘገበም። ስለዚህ ዕጣቸውን የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን የእናንተ የዓመት ዕቅድ ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሁለት ጊዜ አጨዳው ከመጪው ጁን ጀምሮ እንዲቀጥልና ቢያንስ ለሦስት ዓመት በዕቅድ እንዲያዝ። ለሰው ኃይል ወጪ አንጠይቅም፤ እኛ እንመጣለን። የሚያስፈልገን የጽሑፍ ፈቃድና ከቅርስ ባለሙያ ጋር የሚያገናኘን አንድ ሰው ነው።

በቁጥር 3 እና 11 ያሉት ቡቃያዎች ከዚህ ክረምት ሳያልፉ ከመሬት እኩል እንዲቆረጡ።

የድርቆሽ መመገቢያው የት ይቀመጥ የሚለው ከአርቢዎቹ ጋር በቦታው ላይ ተቁሞ እንዲወሰን፤ የቁጥር 7 መቃን ሳይወድቅ ፈቃዱ ተጠይቆ ሥሩ እንዲሞላ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል፣ አንድ ርጥብ ክረምት ይበቃዋልና።

በሪቩ ላይ የተከፈተው መተላለፊያ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ አሮጌው እንዲሠራ፤ ከእንግዲህም ማሽን ከመግባቱ በፊት መስመሩን ባለሙያ በእግሩ እንዲያየው።

ያልተመዘገቡት ቤቶች እንዲመዘገቡ ማመልከቻ እንዲቀርብ፤ የለካነውን ሁሉ በነፃ እንሰጣለን።

በመግቢያው በር ላይ አጭር ማሳሰቢያ እንዲለጠፍ። የአማርኛውን ጽሑፍ እኛ እናዘጋጃለን።

ለዚህ ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

በዳርትሙር የክብ ቤቶች አጨዳና ልኬት በጎ ፈቃደኞች
የቡድኑ አስተባባሪ፣ የልኬትና የፎቶ መዝገብ ያዥ፣ የአጨዳ ቀናት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው የጋራ ግጦሽ ከብት አርቢዎች
በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ለሚገኙ አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች የጉዞ አስተባባሪዎች